ከከብት በረት ወደ መንደር፦ ግራሮን በካርታ ላይ ያሰፈሩት የቀያሹ የአቶ ዳኘው ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳኘው ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ወሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ረታ፣ በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት በየጁ አውራጃ፣ ከመርሳ ከተማ ከፍ ብላ በምትገኝ ተረተር ላይ በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በተመለከተ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ስምምነት ላይ አልደረሰም። እናታቸው «ማሽላው ሲያሸት ነው» ይሉ ነበር፤ አባታቸው «ማሽላው ጎተራ ከገባ በኋላ ነው» ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከራክረዋል። በመታወቂያቸው ላይ ያለው መስከረም 1 ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ምርጫ ነው። አገር ሲለኩ የኖሩት አቶ ዳኘው የራሳቸው መነሻ በግምት መቅረቱ ቅር አላሰኛቸውም። «ዋናው መወለዴ ነው፤ እሱን ሁለቱም አልካዱም» ይሉ ነበር።

በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከየኔታ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ሲያበቁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመርሳ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ወልድያ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተከታተሉ። የጂኦግራፊ መምህራቸው የኢትዮጵያን ካርታ በቃላቸው እንዲሥሉ ባዘዙ ጊዜ መርሳን ከአዲስ አበባ አግዝፈው ሣሉ። መምህሩ «ምነው ዳኘው፣ ዋና ከተማ ቀየርክ እንዴ?» ሲሏቸው «አዲስ አበባን አላየኋትም፤ ያየሁትን ነው የሣልኩ» ብለው መለሱ። ለመልሱ አንድ ኩርኩም፣ ለሥዕሉ ከፍተኛ ውጤት አገኙ።

በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቅየሳ ሥልጠና አጠናቀው በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጠሩ። ሥራው ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። አውሮፕላን ከላይ ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ጣሪያውን ያሳያል፤ ከጣሪያው ሥር ሰው ይደር ከብት፣ ቦታውስ ማን ይባል እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህን በእግር ሄዶ፣ ነዋሪውን ጠይቆ፣ ነዋሪው ያለውን በፎቶው ላይ መጻፍ የቀያሹ ፈንታ ነው። ካርታው ከዚያ በኋላ ይታተማል፤ ከታተመ በኋላ ደግሞ እንደ ሕግ ይጠቀሳል።

በ1963 ዓ.ም. በጋ ላይ የሃያ ሦስት ዓመቱ ቀያሽ መሣሪያቸውን አስጭነው ከሐራ ወደ ምሥራቅ ወረዱ። ግራሩ እየሳሳ፣ አሸዋው እየበዛ በሚሄድበት፣ ወንዙም በክረምት ብቻ ለጉብኝት በሚመጣበት በረሃ ውስጥ ግራሮ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። አቶ ዳኘው ባለ ሦስት እግሩን መለኪያ አቁመው በአንድ ዓይናቸው ማየት ሲጀምሩ ከጎጆዎቹ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ መጣ። በኋላ ሼኽ ለመባል የበቁት አብዱልሐሊም ነበሩ። በዚያ ዘመን በሦስት እግር ዕቃ የሚያይ ሰው ለገበሬ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊመጣ ነው። አብዱልሐሊም ይህን ያውቁ ስለነበር ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ይህ መንደር ማን ይባላል?» አሉ አቶ ዳኘው።

«የቱ መንደር?»

«ይኸ የቆምንበት።»

«ኧረ ይኸስ መንደር አይደለም ጌታዬ፤ የከብት በረት ነው። እኛም መንገደኞች ነን። ዝናብ ጣል ሲያደርግ እንሄዳለን።»

ይህ ሲባል ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች ድምፅ ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር። አቶ ዳኘው «እነዚያስ?» ብለው ጠየቁ።

«እነሱም መንገደኞች ናቸው።»

አቶ ዳኘው ጥርጣሬ ገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ፀሐይ ሳትከር ሐራ ለመድረስ ሞተር አስነሥቶ ነበር፤ ደንቡም «ነዋሪው ያለውን ጻፍ» ይላል። ነዋሪው «ነዋሪ አይደለሁም» ያለ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ደንቡን ያወጡት ሰዎች አላሰቡበትም። ስለዚህ ጻፉ፦ «የከብት በረት»። በዚያው ዕለት ግራሮ ፍየል አርዳ ዱዓ አደረገች። ካርታውም ታተመ።

ሐቁን ለመናገር ዘዴው ሠርቷል። ግብር ሰብሳቢ እስከ ሥርዓቱ መጨረሻ ግራሮን አልረገጠም። ችግሩ ካርታ ግብርን ብቻ መርጦ አለማገዱ ነው። ሥርዓት ተለውጦ ትምህርት ቤት ሲታደል ግራሮ የለችም፤ ክሊኒክ ሲታደል የለችም፤ የውኃ ጉድጓድ ሲታደልም የለችም። በአንጻሩ የከብት ሐኪሞች በየዓመቱ ሳያሰልሱ ይመጡ ነበር። ሰው በኩፍኝ ሲያልቅ በሬው ተከትቦ ይውላል።

አቶ ዳኘው ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። በ1968 ዓ.ም. በወልድያ በጤና ረዳትነት ያገለግሉ ከነበሩት ከወይዘሮ ብርቱካን ሰይድ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ዳዊትንና ማህሌትን አፍርተዋል። ቅየሳ የበጋ ሥራ በመሆኑ ከመስከረም ጀምሮ ከቤት ይጠፉ ነበር፤ አንዴ ኦጋዴን ናቸው፣ አንዴ ቦረና፣ አንዴ ጋምቤላ። ወይዘሮ ብርቱካን ስለ ባለቤታቸው ሲጠየቁ «እኔ ያገባሁ ለክረምት ነው፤ በበጋ ባል የለኝም» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ልጆቹም አባታቸው ከዝናብ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ይመስላቸው እንደነበር ዳዊት ዛሬም ይናገራል።

በሥራቸው የታወቁት ያልረገጡትን ባለመሣል ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው ገደል ሲገጥማቸው ማዶውን በግምት ሞልተው ሲያልፉ እሳቸው ዞረው ይሄዱ ነበር። ስለዚህም በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ብዙ ጫማ የጨረሱና ጥቂት የሥራ ዕድገት ያገኙ ባለሙያ ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር ወደ መርሳ ተመለሱ፤ ፓፓያና ሙዝ ተከሉ። የወሰን ክርክር በተነሣ ቁጥር ሽማግሌዎች ይጠሯቸዋል፤ ለክተው ሲያበቁ ሁለቱም ወገን ያኮርፋቸዋል። ከሁለት አንዱ ብቻ አኩርፎ የቀረበት አንድም ቀን ስለሌለ ፍትሐዊነታቸው በዚህ ይታወቃል።

በ2000 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን በራቸው ተንኳኳ። አንዲት ቆፍጣና ሴት የአንድ ሽማግሌ እጅ ይዛ ቆማለች። የግራሮዋ ከድጃ ነበረች፤ ሽማግሌው አባቷ ሼኽ አብዱልሐሊም ናቸው።

«ቀያሹ ዳኘው አንቱ ነዎት?»

«ነኝ። ግቡ እንጂ።»

«አንገባም። መጀመሪያ ይችን ይመልሱልኝ፤ እኔ ከብት ነኝ?»

ወይዘሮ ብርቱካን ከጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዳኘው፣ ደግሞ ምን ሠርተህ ነው?» አሉ።

ከድጃ ቆማ እንዳለች ነገሩን ዘረገፈችው። የግራሮ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ፀሐይ ሲጠነክር በሚመለሱበት ሩቅ ወንዝ ነው። እህቷ ሀስና ነፍሰ ጡር ሆና ከዚያ መንገድ አልተመለሰችም። ይህን ብለው የውኃ ጉድጓድ ለመጠየቅ ሲሄዱ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹ በዚህ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስላሉ ስሙን አንጠራም፣ ካርታ ዘርግቶ «ለከብት በረት ጥልቅ ጉድጓድ የመቆፈር አሠራር የለንም» ብሎ መልሷቸዋል።

 ሼኽ አብዱልሐሊም «በረት ያልኩስ እኔ ነኝ» አሉ። «ግን አንቱም ዓይን ነበረዎ፤ ጆሮ ነበረዎ። ዶሮ ሲጮኽ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ከከብት በረት ዶሮ ምን ይሠራል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው ሳቁ። ከድጃ ግን አልሳቀችም፤ «ለናንተ ሳቅ ነው፤ ጀሪካኑ የኔ ጀርባ ላይ ነው» አለች። ሳቁ በዚያው ቆመ። አቶ ዳኘው ነጠላቸውን አንሥተው «ነገ እወርዳለሁ» አሉ።

ነገሩ ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ «ቤት ዛሬ መኖሩ ትናንት መኖሩን አያሳይም። ጉድጓድ የሚቆፈረው ለቋሚ ሰፈር ስለሆነ ቋሚነቱን በካርታ አስረዱ» አለ። ከሰጠው መልስ ሁሉ ይህ ብቻ እውነት ነበረበት። አቶ ዳኘውም የግራሮን የዛሬ ካርታ ብቻ ሳይሆን የትናንቷንና የከትናንት ወዲያዋን ጭምር ለመሥራት ተነሡ። በስድሳ ዓመታቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ ዳዊት ከአዲስ አበባ የላከላቸውን ጂፒኤስና በውሰት ያገኙትን አሮጌ መለኪያ ይዘው በየበጋው ይወርዱ ጀመር። ወይዘሮ ብርቱካን «ጡረታ ወጣ ሲሉኝ ባል አገኘሁ ብዬ ነበር» አሉ፤ በሶውን ግን ራሳቸው ቋጠሩላቸው።

አሠራራቸው ይህን ይመስል ነበር። ዛሬ ያለውን ቤት፣ መንገድና የዛፍ ጥላ በጥቁር ቀለም ሣሉ። በ1957 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በተነሣው ፎቶ ላይ የሚታየውን በቀይ ቀለም ደረቡበት፤ መንደሯ ወንዙ በሸረሸራት ቁጥር ፈቀቅ ስትል እንደኖረች በዚህ ታየ። ከፎቶው በፊት የነበረውን ደግሞ ከሽማግሌዎች ጋር በእግር እየዞሩ፣ እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ሁለት ሦስት ሰው እየጠየቁ፣ በሰማያዊ ነጠብጣብ አሰፈሩት። ነጠብጣብ ያደረጉት ራሳቸው ያላዩት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው መስጊድ የቆመበት፣ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት አሮጌ ጥላ፣ የደረቁ የእጅ ጉድጓዶች፣ ወንዙ ድሮ ይሄድበት የነበረው መስመር፣ ሁሉም ገባ። ከሁሉ በላይ መቃብሩ ገባ። የሼኹ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ጎን ለጎን ተኝተዋል። አቶ ዳኘው ድንጋዮቹን ለክተው ሲያበቁ «መንገደኛ ሦስት ትውልድ አይቀብርም» አሉ። ሼኽ አብዱልሐሊም «ኧረ ዝም ይበሉ አያ ዳኘው፣ አባቴ ይሰማናል» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሁለተኛው በጋ ላይ ፈተናው መጣ። መሥሪያ ቤቱ «የአባወራው ቁጥር አነሰ» አለ። በሳምንቱ አቶ ዳኘው ሲወርዱ ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ላይ ጎጆዎች ተደርድረው ቆመዋል። የአንዳንዱ ጭራሮ ገና እርጥብ ነው። ፍየሎቹ እንኳን ግራ ገብቷቸው የግድግዳውን ቅጠል ይበላሉ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የኛ ናቸው። ድሮም ነበሩ» አለች ከድጃ።

«ድሮ የነበረ ቤት ቅጠሉ አልደረቀም?»

«ያኔ ያለነውን የሉም ብለው ጻፉ። አሁን የሌለውን አለ ቢሉ ምን አለበት? እኩል እንሆናለን!»

እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት፤ ክርክሯ ጠንካራ ነበር። አቶ ዳኘውም እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው፣ መልሰው አኖሩት። «ከድጃ፣ በአንድ ውሸት ይህን ሁሉ ዘመን ተጠማችሁ። በሁለተኛው ስንት ዘመን ልትጠሙ ነው? አንዱ መጥቶ ሜዳውን ባዶ ካገኘው መቃብሩንም ውሸት ይለዋል» አሉ።

«የተጠማሁ እኔ! የሚፈርዱ አንቱ!» ብላ ጥላቸው ሄደች። መንደሩም አብሯት አኮረፈ። አብሯቸው የሚዞር ሽማግሌ ጠፋ፤ «ዛሬ ወገቤን ነው»፣ «ዛሬ ሐራ ገበያ ነው»፣ ያለ ገበያውም ቀን ገበያ ሆነ። መርሳ ሲመለሱ ወይዘሮ ብርቱካን እንኳን «ጥቂት ጎጆ ብትሥል ማን ይሞታል?» አሏቸው። አቶ ዳኘው «እኔም ድሮ ይህንኑ ነው ያልኩ። አንዲት ቃል ብጽፍ ማን ይሞታል አልኩ። ሀስና ሞተች» ብለው መለሱ። በቤታችን ከዚያ በኋላ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም።

ከኩርፊያው ያወጣቸው ቅሬ ነው። ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች፣ በወሎ ምድር ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለይ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብረው፣ ሲቸገር የሚረዳው፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው ማኅበር ቅሬ ይባላል። ሼኽ አብዱልሐሊም አንድ ጠዋት አህያ ጭነው ብቻቸውን መጡና «አያ ዳኘው፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መንደር ማለት ለናንተ ምንድን ነው?» አሉ።

«ተጠጋግቶ የተሠራ ቤት።»

«ለኛ እንደሱ አይደለም። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከገደሉ በላይ ሰዎች አሉ። ቤታቸው ከኛ ይርቃል፤ ቅሬያችን ግን አንድ ነው። ሬሳቸው እዚህ ይመጣል፤ እኛም ለነሱ እንወጣለን። እነሱን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«አንቱስ መች ጠየቁን? ቤት ይቆጥራሉ እንጂ!»

አቶ ዳኘው ስድሳውን ዓመት ተሸክመው ገደሉን ዞረው ወጡ። በየሸለቆው የተበተኑትን ቤቶች አንድ በአንድ ረገጡ፤ በእያንዳንዱ ደጃፍ «ሰው ሲሞትባችሁ የት ትቀብራላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ሁሉ ወደ አንድ መቃብር መራቸው። የግራሮን ዳርቻ በቅሬዋ ልክ አሰመሩ፤ ቁጥሩም ያለ አንዳች እርጥብ ጎጆ ሞላ። ባዶዎቹን ጎጆዎች ፍየሎቹ ጨረሷቸው።

ካርታው ተሠርቶ ሲያልቅ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያደርገው ጉዞ ከግራሮ በረሃ የረዘመ ሆነ። አንዱ «ቀለሙ በዛ» አለ፤ ሌላው «ጡረተኛ የሠራው ካርታ በምን ደንብ ይታያል?» አለ። አቶ ዳኘው ያንንም እንደ ገደል ዞሩት። በ2006 ዓ.ም. ተቀባይነት አገኘ፤ በ2008 ዓ.ም. የመቆፈሪያው መኪና ወረደ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ የተቆፈረው መኪናውን ለማዞር በሚመች ቦታ ነበር። አቧራ ብቻ ወጣ። የግራሮ ሰዎች ወደ ሥራው መሪ ወደ ጂኦሎጂስቷ ወደ ቤተልሔም ሳይሆን ወደ አቶ ዳኘው ተመለከቱ። ቤተልሔምም ካርታውን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ዘርግታ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባባ፣ ይህ ሰማያዊ ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

«ወንዙ በሼኹ አያት ዘመን የሄደበት ነው አሉኝ። እኔ አላየሁትም ልጄ፤ ለዚህ ነው በነጠብጣብ ያደረግሁት። ኃላፊነት አልወስድም።»

«እኔ እወስዳለሁ» አለች። አሮጌ ወንዝ ከአሸዋ ሥር ውኃውን ይዞ እንደሚቆይ የተማረችው ነገር ነበርና መኪናውን ወደ ነጠብጣቡ አስነሣችው። የሽማግሌዎቹ ትዝታ፣ የአቶ ዳኘው እግርና የቤተልሔም ትምህርት በአንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ፤ ውኃ ወጣ። ሼኽ አብዱልሐሊም ቀምሰው «አልሐምዱሊላህ! ጨው ጨው ትላለች» አሉ። ከድጃ «እንኳን ጨው፣ ኮሶ ብትሆን እንጠጣታለን!» አለች። የመጀመሪያውን ጣሳ ሞልታ ለአቶ ዳኘው ሰጠችና «ይጠጡ። ስለ ጎጆዎቹ ግን ገና ይቅር አላልኩዎም» አለቻቸው። አቶ ዳኘውም ጠጥተው «ይገባሻል» አሉ።

በዚያው ሳምንት የግራሮ ቅሬ አቶ ዳኘውን በአባልነት ተቀበለ። በራሳቸው ካርታ ደንብ መሠረት ነዋሪ ሆኑ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲደርስም እሳቸውና ቤተሰቡ የተጠለሉት ግራሮ ነው። ከድጃ ጓዳዋን ለቃ አስተኛቻቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ያበሉንን፣ ያጠጡንን፣ «አብሽሩ፣ ያልፋል» ያሉንን ሁሉ ቤተሰቡ እዚህ ቆሞ ያመሰግናል። ሼኽ አብዱልሐሊም ጦርነቱ ባበቃ ማግሥት ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አቶ ዳኘው ቀብራቸው ላይ በእግራቸው ተገኝተው አፈር መልሰዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም ጸንቶባቸው በወልድያና በደሴ ሲታከሙ ቆዩ። እግራቸው ደከመ፤ ኋላም ዓይናቸው ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ይቀራቸው ነበር። ውኃው ቢወጣም የታተመው ካርታ ላይ አሁንም «የከብት በረት» ይላል፤ ነገ ሌላ ሹም መጥቶ እንዳይዘረጋው ይሰጉ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አዲሱ እትም ወጣ። ማህሌት አምጥታ አልጋቸው ላይ ዘረጋችላቸው።

«ጣቴን አኑሪልኝ» አሉ።

ጣታቸውን ወስዳ የመንደሯ ስም ላይ አኖረችላቸው። «ግራሮ ይላል አባቢ።»

«ፊደሉ ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ትንሽ ነው።»

«ልክ ነው። ትንሽ መንደር ናት» አሉና ጣታቸውን ሳያነሡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አቶ ዳኘው ይመር በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርሳ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ጥር 15 ቀን በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብርቱካን ሰይድን፣ ልጆቻቸውን ዳዊትንና ማህሌትን፣ የልጅ ልጃቸውን ሩትን ትተው ሄደዋል።

በመጨረሻም ስለ ውኃው። የሰፈራችን ቧንቧ ከደረቀ ሳምንት ማለፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቤተሰቡ ለዚህ ሁሉ ለቀስተኛ ምን እናጠጣለን ብሎ ሲጨነቅ፣ ዛሬ ማለዳ አንድ አይሱዙ በርሜል ሞልቶ ከደጃችን ቆመ። ከላይ ከድጃ ተቀምጣበት ነበር። «የቅሬ አባል ሲሞት ውኃ ማቅረብ የኛ ድርሻ ነው» ብላ በርሜሉን ራሷ አስወረደች፤ ዕንባዋን በሻሿ ጠርጋ «ስለ ጎጆዎቹም ይቅር ብዬዎታለሁ በሉልኝ» አለች። ይኸው ብለናል። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ድንኳን ውስጥ በጣሳ የሚዞረው ውኃ ከግራሮ የመጣ ነው። ጨው ጨው ቢላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ደግማችሁ ቅዱ። የጠጣችሁም «ነፍስ ይማር» በሉ። የአቶ ዳኘውን የኃይለ ማርያምን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ፣ ጥም በሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።